የምሕረትን ቱታ ያጠብኩበት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018

ዛሬ የምሕረትን ቱታ አጠብኩት። ልጄ ከሞተች ወዲህ እሱን አቅፌ ነበር የምተኛው። አንገቱ ላይ ጠረኗ ነበረ።

ጠዋት ከዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋሽ ወልዴ መጡ። ቡና ላፍላ ብላቸው እንቢ አሉ። አልቀመጥ ሲሉ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«እትዬ አስቴር፣ እንዳይቀየሙኝ» አሉ። ለብሔራዊ ቡድኑ በምሕረት ቦታ የደካ ከተማ ልጅ ተመርጣለች። ፌዴሬሽኑ ቱታ የሚልከው በተመራጭ ቁጥር ልክ ነው፤ ለሌላ በጀት የለውም። ለምሕረት የላከውን እንድሰጣት ነው የመጡት።

«የራሷን ለብሳ ብትሄድስ?» አልኳቸው።

«ሰው አገር ሁሉም ባንዲራ ያለበትን ለብሶ እሷ በሹራብ ትሰለፍ?»

እሷም እናት አላት። ከሰዓት ይምጡ አልኳቸው።

የታመመ ሰው የለበሰውን ሳላጥብ ለሰው ልጅ መስጠት ከበደኝ። በሳሙና አሸሁት፣ ደጋግሜ አለቀለቅሁት። ያለወቅቱ የመጣው ዝናብ አላቆም ስላለ በረንዳው ላይ አሰጣሁት።

ከሰዓት ጋሽ ወልዴ ደወሉ። «እትዬ፣ ጉዞው ቀረ። ገንዘቡ አልተለቀቀም ብለው ቡድኑን በተኑት። ቱታው እርስዎ ጋ ይቀመጥ።» ደስ የሚለኝ መስሏቸዋል። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። የደካዋ ልጅ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር አሉ።

እርጥቡን ቱታ አስገብቼ አንገቱን አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል። ሌላ ያልታጠበ ልብሷን ፈለግሁ። የለም። በለቅሶው ሰሞን ጎረቤቶቼ ሊያግዙኝ ብለው ሁሉንም አጥበው አጣጥፈውታል።