«አዋሳ» ብለሽ የሞላሽው ቅጽ

ሐምሌ 14 ቀን 2002 ዓ.ም.
ሀዋሳ

ይድረስ ለምወድሽ ባለቤቴ ለፅጌ፣
ጂንካ

እንዴት ነሽ? ሮቢስ ጉንፋኑ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ከአሥር ቀን ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

የመምህራን ዝውውር ዝርዝር ወጥቷል። ስምሽ የለም። ሦስት ዓመት ጠብቀሽ፣ ነጥብሽ ከብዙዎቹ በልጦ፣ የለም። ያስቀረሽ ደግሞ እኔው ለትምህርት ቢሮአችን የጻፍኩት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።

ማመልከቻዎቹ ኤክስኤምኤል በሚባል ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጡት። እያንዳንዱ መምህር የራሱ መዝገብ አለው፤ መዝገቡ ራስ ላይ የጠየቀው ከተማ ተጽፏል። እኔ ኮምፒዩተሩን ያዘዝኩት «ከተማው ሀዋሳ የሆነውን ሁሉ ምረጥ» ብዬ ነው። አንቺ ግን የሞላሽው «አዋሳ» ብለሽ ነው፤ ሁላችንም ስንጽፈው እንደኖርነው። ማሽን ፊደል በፊደል ነው የሚያስተያየው፤ አንዷ ፊደል ከተለየች ለሱ ሌላ አገር ነው። እንዲህ አድርጎ አርባ አንድ ሰው ዘለለ። ሁለቱንም አጻጻፍ ተቀበል ማለት ብቻ ነበር። ማረሚያው አንድ መስመር ነው ፅጌ፣ አንድ መስመር!

ኃላፊዬ አቶ ታምሩ ዘንድ ገባሁ።

«ስህተቱ የኔ ነው፤ ዝርዝሩ ይታረም» አልኳቸው።

«ማኅተም ተመትቶበት ተለጥፏል። ለመሆኑ ከጎደሉት ውስጥ ሚስትህ የለችም?»

«አለች። ሌሎች አርባ ሰዎችም አሉ።»

«ሰው ስለ አርባው የሚያወራ መሰለህ? ለሚስቱ ሲል ዝርዝር አስቀየረ ነው የሚባለው። እኔ በዚህ አልጠየቅም።»

አራት ቀን ተመላለስኩ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በሩን አላትሜ ወጣሁ። በአምስተኛው ቀን ራሳቸው ጠሩኝ። «የሷን ስም አውጣና አምጣው። የአርባውን እፈርማለሁ።»

አወጣሁት፣ ፅጌ። በገዛ እጄ።

ትናንት የአርባው ዝውውር ጸደቀ። ያንቺ ለከርሞ ነው። ከሳውላ የመጣች አንዲት መምህርት ቢሮ ድረስ ገብታ «ልጆቼን ልሰበስብ ነው» ብላ እጄን ሳመችኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ባለፈው ፋሲካ ሮቢ «አባ» በማለት ፈንታ «ጋሼ» ብሎ ሲጠራኝ አንቺ ስቀሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ልክ ሠራህ እንድትዪኝ አይደለም የምጽፍልሽ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

ጌታ አንቺንና ልጃችንን ይጠብቅልኝ፤ ክረምቱን በጤና ያሻግራችሁ።

ባለቤትሽ
ማቴዎስ

በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ የደወልኩልሽ ይህንኑ ልነግርሽ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ ጠይቄሽ ዘጋሁት።