ከሸክላ የሠራሻት ውሃ

የዕድሜዬ አጋር፣ ወይንሸት ሆይ፤

ከተለያየን አርባሽ አልፎ ሰማንያሽ ተቃረበ። እኔም ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚመሰክርልኝ ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወደ ቃሊቲ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ሲያልፉ መስኮቱ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ እንባ ግን እስካሁን አልመጣልኝም።

ለተዝካርሽ ቤቱን ያሰናዱት እኅቶችሽ፣ ለተማሪዎችሽ ከሸክላ ሠርተሽ ቢፌው ላይ የደረደርሻቸውን ሞለኪውሎች የልጅ መጫወቻ መስለዋቸው፣ ኳሶቹን ያያያዙትን ስንጥሮች ነቅለው፣ ጥቁሩን ካርቦን ከጥቁሩ፣ ቀዩን ኦክስጅን ከቀዩ፣ ነጩን ሃይድሮጅን ከነጩ ጋር በየሳህኑ ለይተው አስቀመጧቸው። ንጹሕ ሥራ ነበር።

በክፍልሽ የተተካችው መምህርት ሰናይት ግን ከቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥታ፣ የፕላዝማው አስተማሪ ገባቸው አልገባቸው ሳይል አልፏቸው ሲሄድ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ ሲጨልም፣ ልጆቹ አቶም ከአቶም እንዴት እንደሚተሳሰር በእጃቸው ይዘው የሚያዩት በእነዚሁ እንደ ነበረ ነግራ፣ ለትምህርት ቤቱ እንድሰጥ ለመነችኝ፤ እኔም አንቺ እንደ ተውሻቸው ገጥሜ ሰኞ ላስረክባት ቃል ገባሁ።

ዕድሜውን በግዕዝ ሰዋስው የፈጀ ሰው ለኬሚስትሪ ምን እጅ አለው? ውሃን ልሥራ ብዬ፣ ቀዩን መካከል አድርጌ ሁለቱን ነጮች ግራና ቀኝ እንደ ሚዛን ቀጥ አድርጌ ልሰካ ብታገል፣ ስንጥሩ እምቢ አለኝ፤ ብገፋው ተሰበረ። አቶምን በግዕዝ «ዘኢይትከፈል»፣ የማይከፈል፣ እንበለው ብዬ ስሞግትሽ፣ «የኔታ፣ ስም ማውጣቱን ተወውና ውሃዋን እያት፤ እንዳንተ ወገብ ጎበጥ ያለች ናት» ብለሽ የሳቅሽብኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ቀዩን ኳስ ወደ ብርሃን አዙሬ ብመለከት፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ ሁለቱን ቀዳዳዎች አዘንብለሽ ወግተሻቸው ኖሯል። ማወቅ አላስፈለገኝም፤ ሌላ ስንጥር አንቺ በወጋሽበት አቅጣጫ ሰደድሁ፤ ውሃዋም ቆመች። የቀሩትንም እንዲሁ ቀዳዳቸው እየመራኝ ገጠምሁ።

ሰናይት ሰኞ አገላብጣ አይታ፣ አንድም የተሳሳተ የለም አለች፤ አንዷን ለርስዎ ያስቀሩ ብትለኝ እምቢ አልሁ። ቢፌው ባዶ ነው። ልጆቹ የማን ሥራ ነው ብለው ሲጠይቁ ስምሽን እንድትነግራቸው አደራ አልኋት፤ የእኔ ቃል ደግሞ ይኸው ነው፦ እንባዬ ቢዘገይም፣ ከነጭራሹ ሳይመጣ ቢቀርም፣ በቆምሁበት ዘመን ሁሉ አስብሻለሁ።