በአንድ ገበታ የየራስ ዳቦ፦ የወይዘሮ አትራክታ ሀርጋደን የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ አትራክታ ሀርጋደን ከአባታቸው ከአቶ ዶሚኒክ ኪልኮይን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዊኒፍሬድ ዱርካን፣ በስላይጎ አውራጃ ከተበርከሪ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በየካቲት ወር እ.ኤ.አ. 1941 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጨረሻ ልጅ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው መንደር ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተማሩ። ከዚያም በተበርከሪ በአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ተቀጥረው ሻይ ቅጠልና ስኳር እየመዘኑ እስኪያገቡ ድረስ ሠሩ። ደንበኛው ሁሉ የሚያስታውሳቸው በጥያቄያቸው ነበር። ያልገባቸውን ነገር ሳይጠይቁ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም። የሱቁ ባለቤት፣ «ይቺን ልጅ የቀጠርኳት ዕቃ እንድትሸጥልኝ ነው ወይስ እንድትመረምረኝ?» ይሉ ነበር ይባላል።

ዳቦ መጋገር የተማሩት ከእናታቸው ነው። እርሾ የማይነካውን፣ በሶዳና በአሬራ ብቻ የሚነሣውን የአገራችንን ክብ ዳቦ። በኪልኮይን ቤት ዳቦ ማለት በመስቀል ቅርጽ ከላይ የተሰነጠቀ አንድ ትልቅ ዳቦ ነበር። አባት ይቆርሳሉ፣ ቤተሰቡ ይካፈላል። ወይዘሮ አትራክታ ሌላ ዓይነት አበላል በዓለም ላይ መኖሩን አያውቁም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሳምንት ከአቶ ባርትሊ ሀርጋደን ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ባርትሊ በጭፈራ ቤት ሲያገኟቸው ዝምተኛ፣ ጨዋና ጥሩ ጨፋሪ ነበሩ። እርሻ እንዳላቸው፣ ያላገቡ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ማላኪም አብረዋቸው እንደሚኖሩ ነገሯቸው። ያልነገሯቸው አንድ ነገር ነበር።

ሙሽራዋ በገቡ ማግስት ጠዋት ተነሥተው ከረግረግ መሬት እንደ ጡብ ተቆርጦ በደረቀ የአፈር ማገዶ ምድጃውን አነደዱ፣ እንደ እናታቸው አድርገው አንድ ትልቅ ዳቦ ጋግረው አቀረቡ። አቶ ባርትሊ ቆረሱና በሉ። አቶ ማላኪ ሻያቸውን ጠጥተው ወደ ላሞቻቸው ሄዱ። በማግሥቱ አቶ ማላኪ ቀድመው ቆረሱ፤ የዚያን ቀን ደግሞ አቶ ባርትሊ ሳይበሉ ወጡ። ሙሽራዋ ዱቄቱን ለወጡ፣ ሶዳውን ቀነሱ፣ አሬራውን ሌላ ቤት ሄደው አመጡ። ለውጥ የለም። አንዱ ከበላ ሌላው አይበላም። ወይዘሮ አትራክታ ጥፋቱ የእጃቸው መስሏቸው፣ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ዴሊያ ዘንድ ሄደው አለቀሱ።

«ውይ የኔ ልጅ፣ አልነገረሽም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዴሊያ። «እነዚህ ሁለቱ እኮ አይነጋገሩም። አንዱ ቢላዋውን ያሳረፈበትን ሌላው አይቀምስም። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው።»

«በምን ተጣልተው?»

«ማላኪ በፈረሷ ነው ይላል። ባርትሊ ደግሞ በቀብሩ ቀን በተባለ ነገር ነው ይላል። የኔ ባል በሕይወት ሳለ፣ በኳስ ነው ይል ነበር። እኔ እንጃ፣ ልጄ! እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም።»

ወይዘሮ አትራክታ ቤታቸው ተመልሰው ባለቤታቸውን ያዟቸው።

«ለምንድነው ያልነገርከኝ?»

«ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ነዋ።»

«እኔ አላውቅም ነበር!»

«አሁን አወቅሽ አይደል?» አሉ አቶ ባርትሊ፣ ቦት ጫማቸውን እያጠለቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ አትራክታ ያቦኩትን ሊጥ በእጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያም ከፋፈሉት። ጭብጥ የምታህል ለአቶ ባርትሊ፣ ጭብጥ የምታህል ለአቶ ማላኪ፣ አንድም ለራሳቸው። እያንዳንዷን በመስቀል ሰንጥቀው አብረው ጋገሯቸው። ሁለቱም ወንድማማቾች በሉ። ሁለቱም «ጥሩ ነው» አላሉም፣ «ይህ ምንድነው?» ብለውም አልጠየቁም። እንዲህ ሆኖ የተጀመረው ዳቦ ነው ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው የቀረው።

ትንንሽ ዳቦ መጋገር ከትልቁ ይከብዳል። ቶሎ ይደርቃል፣ ታችኛው ቶሎ ያርራል። ወይዘሮ አትራክታ ሊጡን ቀጠን፣ እሳቱን ጠንከር ማድረግን፣ ሳያሹ በጣት ጫፍ ብቻ ሰብሰብ ማድረግን፣ ከምድጃ ሲወጡ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልን በብዙ የተበላሸ ዳቦ ተማሩ። አቶ ባርትሊ ዘቢብ ይወዳሉ። አቶ ማላኪ ዘቢብ ያለበትን ዳቦ «የሕፃን ምግብ» ይሉት ነበር። ስለዚህ የማን የማን እንደሆነ የሚጠፋበት ሰው አልነበረም።

ወሬውም እንደ ዳቦው ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ወርዷ ክንድ በማይሞላ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደተቀመጡ አቶ ባርትሊ፣ «አትራክታ፣ ጊደሯ ዛሬ ሳትወልድ አትቀርም፣ ለዚያ ሰው ንገሪው» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወይዘሮ አትራክታ፣ «ሰምቶሃል እኮ! ጆሮ አለው!» ይሉ ነበር። ሁለቱም ሳህናቸውን ያያሉ። ካልተናገሩ ጊደሯን የሚያይ ሰው ስለማይገኝ፣ «ማላኪ፣ ጊደሯ ልትወልድ ነው» ይላሉ። «እሺ፣ አያለሁ በይው» ይላሉ አቶ ማላኪ። ይኼው ነው።

አንድ ቀን፣ በአቶ ማላኪ የልደት ቀን፣ ወይዘሮ አትራክታ ከራሳቸው አመንጭተው «ማላኪ፣ ባርትሊ መልካም ልደት ብሎሃል» አሉ። አቶ ማላኪ ፊታቸው ቀላ፣ ሻያቸውን አማሰሉ፣ በመጨረሻም «አመሰግናለሁ በይው» አሉ። አቶ ባርትሊ ባለቤታቸውን ተከትለው ወደ ጓዳ ገብተው፣ «እኔ መች አልኩ?» ብለው ጠየቁ። ተቆጥተው እንዳይባል ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ደስ ብሏቸው እንዳይባል ለሁለት ቀን ሳይስቁ ዋሉ። ወይዘሮ አትራክታ ምን እንደሠሩ ሳይገባቸው ቀረ፤ ዳግመኛም አልሞከሩትም።

ከአቶ ባርትሊ ጋር በፈጸሙት ጋብቻ ኡና፣ ሎርካን እና ግራኛ የተባሉ ልጆችን አፍርተዋል። ልጆቹ ያደጉት የሰው ልጅ ሁሉ የየራሱን ዳቦ የሚበላ መስሏቸው ነው። ኡና በአምስት ዓመቷ ወይዘሮ ዴሊያ ቤት ተጋብዛ፣ ለቤተሰቡ የቀረበውን ትልቅ ዳቦ አንሥታ ሳህኗ ላይ አስቀመጠች።

«ኡና፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«የኔን ወሰድኩ። የእናንተስ የታለ?»

እ.ኤ.አ. በ1971 ግራኛን ሊወልዱ ስላይጎ ሆስፒታል ገቡ። ጤንነታቸው ታውኮ ስለነበር እዚያው ሰነበቱ። ትልልቆቹ ልጆች ወይዘሮ ዴሊያ ዘንድ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ወንዶች ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ወይዘሮ አትራክታ በአልጋቸው ላይ ሆነው የሚያስቡት ስለ ራሳቸው አልነበረም። «እኔ ብሞት ማን ያናግራቸዋል?» ሲሉ ነርሷ ትኩሳት መስሏት ነበር።

ሕፃኗን ታቅፈው ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ፣ ወደ አንድ ወገን የተንጋደደ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ዳቦ አገኙ። ከሁለት በኩል ተቆርሷል።

«ይህን ማን ጋገረው?»

«እሱን ጠይቂው» አሉ አቶ ባርትሊ።

«እሱን ጠይቂው» አሉ አቶ ማላኪ።

ወይዘሮ አትራክታ በማግሥቱ፣ ገና ሰውነታቸው ሳይጠና፣ በደስታ ተነሥተው እንደ እናታቸው ቤት ያለ ትልቅ ክብ ዳቦ ጋገሩ። እንፋሎቱ ሳይጠፋ አቀረቡ። ሁለቱ ወንድማማቾች ዳቦውን አዩት፣ ተያዩ፣ እንደገና ዳቦውን አዩት።

«የኔስ የት አለ?» አሉ አቶ ማላኪ።

«የኔስ?» አሉ አቶ ባርትሊ።

ወይዘሮ አትራክታ ቢላዋውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ከዚያም ዳቦውን ብድግ አድርገው ወደ ግቢ ወጡና ለዶሮዎቹ ሰባብረው በተኑት። «እግዚአብሔር ይፍረድባችሁ! በሁለታችሁም!» ሲሉ ወይዘሮ ዴሊያ ድረስ ተሰምቷል። በማግሥቱ ሊጡን ከፋፈሉት።

አቶ ማላኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ክረምት ላሞች በሚያልቡበት ድንገት ዐረፉ። ጎረቤቶች አስከሬኑን ሊያዘጋጁ ሲመጡ አቶ ባርትሊ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጢሙን እኔ ነኝ የምላጨው» አሉ፤ ብቻቸውን ገብተው ዘጉ። ወይዘሮ አትራክታ ሙቅ ውሃ ይዘው ወደ በሩ ሲጠጉ ከውስጥ የባለቤታቸውን ድምፅ ሰሙ። አቶ ባርትሊ ያወራሉ። ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይናገራሉ፤ አንድ ጊዜም የሳቁ መስሏቸዋል። ቃሉን ግን መለየት አልቻሉም። ውሃው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ።

ሲወጡ፣ «ምን እያልከው ነበር?» ብለው ጠየቋቸው።

«ለእሱ ነው የነገርኩት» አሉ አቶ ባርትሊ።

ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ አትራክታ፣ «እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንድ ትልቅ ብጋግር አይሻልም?» ብለው ነበር። አቶ ባርትሊ ግራ በተጋባ ዓይን አይተዋቸው «ለምን?» አሏቸው። ወይዘሮ አትራክታም ምክንያቱን ሲፈልጉ አጡት። ትንንሾቹን ቀጠሉ።

አቶ ባርትሊ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ወይዘሮ አትራክታን የሰበካው ሕዝብ የሚያውቃቸው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ለቤተ ክርስቲያን በዓል፣ ለለቅሶ ቤት፣ ለታመመ ሰው በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዘው ይደርሱ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የራሱ። የዛሬዎቹ ሙሽሮች ከእሳቸው ተምረው በየቤታቸው ይጋግሩታል። «ለምን ትንንሽ አደረጉት?» ሲባሉ «ቶሎ ይበስላል» ይሉ ነበር። ቤተሰቡም እውነቱ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ይነገር ወይስ ይቅር ብሎ ብዙ ተከራክሯል። ማን ክርክሩን እንዳሸነፈ ግልጽ ባይሆንም፣ ይኸው ተነገረ።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የማስታወስ ችሎታቸው እየደከመ ሄደ፤ በልጃቸው በኡና ቤት ሆነው ሲረዱ ቆዩ። አእምሮአቸው በጠራበት በአንድ ከሰዓት በኋላ ኡና፣ ሲከነክናት የኖረውን ጠየቀቻቸው።

«እማዬ፣ አንድ ዳቦ አቅርበሽ ‹ካልፈለጋችሁ ተራቡ› ብትያቸው ኖሮ እኮ ይታረቁ ነበር። ለምን አላደረግሽውም?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። አንዳንዴ ያጣላኋቸው እኔ ነኝ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ያኖርኳቸው እኔ ነኝ እላለሁ።» ደግሞም፣ «አንቺ የትኛው ይመስልሻል?» አሉ።

ወይዘሮ አትራክታ ጥቂት ጠብቀዋት፣ እጇን መታ መታ አድርገው፣ «ግድ የለም፣ ብቻ ምድጃውን እዪልኝ» አሉ። ምድጃው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ወይዘሮ አትራክታ ሀርጋደን በሕክምናና በልጆቻቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2023 በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው እንዳሉ ዐረፉ። ልጆቻቸው ኡና፣ ሎርካን እና ግራኛ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም እጃቸውን የቀመሰ የሰበካው ሕዝብ በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ለመላው ቤተሰብ፣ ለዘመድና ለጎረቤት አምላክ መጽናናትን ይስጥ። የእናታችንንም ነፍስ በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን፤ ዕድሜ ልካቸውን ጠይቀው ማንም ያልመለሰላቸውን እሱ ራሱ አጠገቡ አስቀምጧቸው፣ ሳይቸኩል፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይንገራቸው። አሜን።