የደሴቲቱን አመል የተናገረው መጽሐፍ

ወንድማለም፣

ከተለየኸኝ ስድስት ዓመት ሞላ። ይኸው ዛሬ በገዛ እጄ እጽፍልሃለሁ። አዎ፣ በገዛ እጄ! መሠረተ ትምህርት መጣና እኛን እናቶቹንም ዋርካ ሥር አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረን። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ይመስላል፤ ግን ይነበባል። ካለህበት ሆነህ እንዳትስቅብኝ።

ቤታችን እንዳለ ነው። አምና የርብ ወንዝ ሞልቶ አጥሩን ወሰደው፣ ወንድምህ መልሶ አቆመልኝ። በሬህ ቦራ አርጅቷል፤ ቀንበር ካወረድኩለት ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልሸጠው ግን አልቻልኩም። ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ሩዝ የሚሉትን ዘር መዝራት ጀምረዋል። ትልቁ ወሬ ግን ይሄ አይደለም። ልጃችን የሺ ሄዳለች። ኩባ ወደምትባል፣ ከስንት ባሕር ማዶ ወዳለች ደሴት፣ ለትምህርት። የፈረምኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደፈረምኩ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

አባታቸው በጦርነት የወደቀባቸው ልጆች ተመርጠዋል ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወረቀት ይዞ መጣና አውራ ጣቴን ቀለም ሊያስነክረኝ ሲል፣ ቆይ ላንብበው አልኩት። አነበብኩት። የምትሄድበትን ቀን ይላል እንጂ ስለ አገሩ አንድም ነገር የለበትም። ምን ዓይነት አገር ነው ስለው፣ የወዳጅ አገር ነው አለኝ። ወዳጅማ ይሁን፤ ምን ይበላል? ውሃው ምን ይመስላል? ስለ አገሩ የተጻፈ መጽሐፍ ካላየሁ አንዲቷን ልጄን አልሰጥም ብዬ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ያዝኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም እስከ ቅዳሜ ገበያ ቀን ሰጠኝ።

የንስሐ አባታችን ደግሞ የባሰ ጭንቀት ጨመሩብኝ። እሳቸው የሚያውቁት ደሴት የጣናን ነው፤ ደሴት ከሆነ ገዳም ነው፣ ገዳም ከሆነ ሴት አትገባም፣ ልጅቱን ከወደቡ ይመልሷታል አሉ። መንደሩ ሁሉ አመነ። እኔም አምኜ አንድ ቀን ሙሉ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ወረታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህር ይርጋ የሚባሉ፣ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ ሽበታም ሰው አሉ። ችግሬን ስነግራቸው አልሳቁም። መጻሕፍት ካለበት ክፍል ገብተው ሦስት መጽሐፍ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ፣ ምረጪ ብለው።

የመጀመሪያው ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ነው። በፎቶዎቹ ላይ ልጁ ይስቃል፣ አሮጊቷ ትስቃለች፣ አገዳ የሚቆርጠውም ይስቃል። ጭቃ የለ፣ ዝንብ የለ። ኧረ እንዲህ ያለ አገር ወዴት አለ! እርግጥ ሴቶቹን ስላየሁበት አመሰገንኩት፤ የንስሐ አባታችን ነገር እዚያው ቀረ። ከዚያ ግን ይፋግ ገበያ ትዝ አለኝ። በሬ ልንገዛ ሄደን ያ ጎልማሳ ሻጭ በሬውን ሲያሞግስ፣ ሲያሞግስ፣ ሲያሞግስ ዝም ብለህ ሰምተህ ትተኸው ሄድክ። ቀጥሎ ያገኘናቸው ሽማግሌ ግን፣ ይሄ በሬ ውሃ ይፈራል፣ በቀኝ ካልሆነ አይጠመድም አሉህ። እሱን ገዛህ፤ ቦራ ማለት እሱ ነው። አመሉን ያልነገሩሽን በሬ አትግዢ ያልከኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው የተማሪ መጽሐፍ ነው። የተራራውን ከፍታ፣ የስኳሩን ብዛት ይቆጥራል። ልጄ ተራራ አትበላም ብዬ መለስኩላቸው።

ሦስተኛውን ሲሰጡኝ መምህሩ ትንሽ አፈሩ። ልባሱ የተገነጠለ አሮጌ ነው፤ ድሮ መንገድ ሲሠራ የነበረ ፈረንጅ ትቶት የሄደው። በዚያ ባሕር ያሉትን ደሴቶች ለመዝናናት ለሚዞሩ ሰዎች መንገድ የሚያሳይ ነው፤ የት እንደሚታደር፣ የት እንደሚጨፈር ነው የሚያወራው አሉኝ። መጨረሻው ላይ ግን መንገደኛ የሚጠነቀቅበት ገጽ ነበረው። ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። ትንኝ አለ። ሰዎቹ ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ቁጣ አይደለም። ሩዝና ባቄላ የዘወትር ምግባቸው ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ጣራ የሚነቅል ነፋስ ይመጣል፤ መሐል ላይ ጸጥ ቢል እንዳትወጡ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ይመለሳል።

ይሄን የጻፈው ሰውዬ አገሩን በእግሩ ረግጦታል አልኩ። የምፈልገው ይሄን ነው አልኩ።

መምህሩ ግን መጽሐፉ አርጅቷል፣ እዚያም መንግሥት ተለውጧል አሉኝ። ታዲያ መንግሥት ቢለወጥ ነፋስ ይለወጣል እንዴ ስላቸው ሳል ያዛቸው፤ በመስኮቱ ውጭውን አየት አደረጉና ሳቁ። መጽሐፉ ከክፍሉ አይወጣም ስለተባለ እሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ አራት ቅጠል ወረቀት ወጣው። ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ስሜን ጻፍኩ። አውራ ጣቴን አላስነካሁም።

ለምን እንዲህ ችክ እንዳልኩ ታውቃለህ? በአንተ ነው። ለጦርነት ሊወስዱህ ሲመጡ፣ ምሥራቁ እንደ ፎገራ ሜዳ ነው፣ ለመስቀል ትመለሳላችሁ አሉ። የበሬ ሻጭን የምታናዝዝ ሰውዬ፣ ያን ቀን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅህም። እኔም አልጠየቅኩም። አዲስ ጫማ ሰጡህ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር! እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ በአንተም በራሴም።

የሺን ከመሄዷ በፊት ጎረቤት ወስጄ ሩዝ አቀመስኳት። ፊቷን አጨማደደችና ትል ይመስላል አለች። ዋጪው፣ ነገ እናትሽ ነው አልኳት። አራቱን ቅጠል ከቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ሰፋሁላት። አውቶቡሱ ሲነሳ አላለቀስኩም፤ እሷ ግን ሐሙሲት ከተማ ድረስ አልቅሳ እንደነበር አብረዋት የነበሩት ነገሩኝ። እኔ ማታ ቤት ስገባ ነው የወጣልኝ።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤዋ መጣ። እማ፣ ነፋሱ መጣ ትላለች። ዛፍ ነቅሎ፣ ቆርቆሮ አብርሮ፣ ድንገት ጸጥ አለ፤ ፀሐይም ወጣ። ልጆቹ እሰይ አለፈ ብለው ወደ በሩ ሲሮጡ የሺ በሩ ላይ ቆመች። ይመለሳል፣ እናቴ ጽፋልኛለች ብላ። ተመለሰ። አንድም ልጅ ውጭ አልነበረም።

ወረቀቱን ይዤ የት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። የቦራ ግርግም ላይ ነው ያገኙኝ።

በደብዳቤዋ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛ፣ አገርሽ ምን ይመስላል ሲሏት ገነት ነው እያለች እንደምትመልስ ነግራኝ፣ እውነቱን ጻፊልኝ አለች። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ጻፍኩላት። ጎርፉን፣ ትንኙን፣ እግር ይዞ የማይለቀውን ጭቃ፣ የንስሐ አባታችንን ገዳም ሳይቀር።

ሁለተኛው ስለ አንተ ነው። ስትሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መልክህ እየጠፋባት ነው። መርዶህ በተነገረበት ስብሰባ ስላንተ ያነበቡት ወረቀት እኔ ዘንድ አለ። ጀግና፣ ቆራጥ፣ የማይበገር ይላል። ስለ ማን እንደሚያወሩ አላወቅኩም ነበር። እሱን አልላክሁላትም። አባትሽ ያንኮራፋል ብዬ ጻፍኩ። ገበጣ ሲጫወት ያጭበረብራል፤ ወጥ ከዘገየ ያኮርፋል። ካኮረፈ በኋላ ደግሞ ሰው ሳያየው ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዶ እንስራዬን ሞልቶ ያስቀምጥልኛል፣ ጠዋት ማን ቀዳው ስለው እኔ እንጃ ይላል።

የአንተ ነገር በዚህ አያልቅም፤ ባስታወስኩ ቁጥር እየጻፍኩ እልክላታለሁ። ወንድማለም፣ እኔ እያለሁ ጀግና ብቻ ሆነህ አትቀርም። ከነአመልህ ትኖራለህ።

የሺ እናት