በጠመኔ የተከበበ ጫማ

ውድ የሚጣ እናት፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ፌስታል ይደርስሻል። ውስጡ ያለው የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማሽ ነው፤ ያ ሰማያዊው፣ የግራው ተረከዝ በአንድ በኩል የተበላው። ስንለያይ ከኔ ካርቶን ጋር ተቀላቅሎ መጥቶ ነው። «ለአሮጌ ጫማ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ነው። በስልክ ደግሞ አንቺና እኔ «ስንት ሰዓት ትወስዳታለህ?»፣ «ጃኬቷን እንዳትረሺ» ከመባባል በቀር ማውራት ካቆምን ቆየን። ነገ ዓርብ ሚጣ አንቺ ዘንድ ስትመጣ አንድ ነገር ትጠይቅሻለች። ከሷ በፊት ከኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው የምጽፈው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እንደተለያየን የተከራየሁትን አንድ ክፍል ታስታውሻለሽ፤ ከታች ጋራዥ፣ ከጎን መጠጥ ቤት። አንድ ቀን መጥተሽ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ዙሪያውን አየሽና «ልጄ እዚህ አታድርም» አልሽኝ። አልተቆጣሽም። «የራሷ ክፍል ያለው፣ ደጅ ወጥታ ብስክሌት የምትነዳበት ቤት ስታገኝ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ካንተ ጋር ትሁን። እስከዚያ እሁድ እሁድ እየመጣህ እያት» አልሽ። እውነትሽን ነው። አራት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ሳሎንሽ ውስጥ፣ እኔው በገዛሁት ሶፋ ጫፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ልጄን አየሁ።

ይሄን ሰፈር ያገኘልኝ ደላላ ነው። «ጸጥ ያለ የቤተሰብ ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። መኪናው ራሱ በጥፍሩ ቆሞ ነው የሚያልፈው» አለኝ። አላጋነነም። የግቢው በር ላይ ግን በትልቁ ተጽፏል፦ «የሚከራይ ቤት። ለባለትዳር ብቻ።» ደላላው ጽሑፉንም እኔንም አየና «ባለትዳር ነህ አይደል?» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። አፌ ለምዶት ነው መሰለኝ።

ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩልሽና ቤቱን ስከራይ ሚስቴ ሆነሽ እንድትቀርቢልኝ ለመንኩሽ። «አንድ ሰዓት ብቻ። ለሷ ስል ነው» አልሽ። እሁድ ከሰዓት መንገዱ ጥግ ላይ ተገናኘን። ቀለበትሽን ከሳንቲም ቦርሳሽ አውጥተሽ ስታጠልቂው አየሁሽ። ምን ተሰማህ ብትይኝ፣ ምንም። ያን ሰሞን ምንም ነገር አይሰማኝም ነበር። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ በጀሶ ስቀርጽ ነው የምውለው። ከግድግዳው ወዲያ ሐኪሙ ማደንዘዣ የወጋውን ሰው ሁሉ «እስኪለቅህ ምንም እንዳትበላ፤ ከንፈርህን ነክሰህ አታውቀውም» ሲለው እሰማለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ልዩነቱ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። እኔና ሚጣ በኋላ «እማማ ዳይሬክተር» ብለን ስም አወጣንላቸው። ያን ቀን ሻይ አቅርበው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው እንደ ተማሪ ፈተኑን። «ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?» አሉ። «ዘጠኝ» አልሽ። «ከሁለታችሁ ቶሎ የሚቆጣው ማነው?» አሉ። «እኔ» አልሽ። ያኔ ሳላስበው «እኔ ዝም ስል ነው እሷ የምትቆጣው» አልኩ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአንቺ ልነግርሽ የሚገባኝን ነገር፣ ሻይ እየጠጣሁ ለአከራይ ነገርኩ።

ከዚያ ቤቱን አየን። ትንሿን ክፍል ከፍተሽ ገባሽና «አልጋዋን ከመስኮቱ እናርቀዋለን፤ ተኝታ ብርድ ልብሷን ትገፋለች» አልሽ። ለማስመሰል ብለሽ ይሁን ተረስቶሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጋው አሁንም ከመስኮቱ ርቆ ነው ያለው። ልንወጣ ስንል «ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ተዛውራለች፤ እየተመላለሰች ነው የምትኖረው» አልኩ። እማማ ዳይሬክተር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ውሉን ፈረምን። መንገዱ ጥግ ሳንደርስ ቀለበቱ ቦርሳሽ ውስጥ ተመልሶ ነበር።

ሰፈሩ እውነትም ጸጥ ያለ ነው። ጠዋት አትክልት የሚያጠጣ ሰው፣ ከሰዓት የብስክሌት ቃጭል፣ ከዚያ ምንም። አጥሩ እስከ ደረት ስለሆነ ሰው ሁሉ አገጩን አጥር ላይ አሳርፎ ነው የሚያወራው። ደጎች ናቸው። ደግነታቸው ግን ጥያቄ ይበዛዋል፦ «ባለቤትህ ደህና ናት?»፣ «ለበዓል ትመጣለች?» በተለይ የግራ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ ልጇ ከሚጣ ጋር አንድ ክፍል የምትማረው፣ አፏን ሙሉ ስፒል ይዛ እንኳ መጠየቋን አታቋርጥም።

ስለዚህ ሚጣን ማስጠናት ነበረብኝ። «እናትሽ የት ናት ካሉሽ፣ ሩቅ ነው የምትሠራው በይ» አልኳት። ቆም አለችና «አባዬ፣ ይሄ ሚስጥር ነው ወይስ ውሸት?» አለችኝ። «ሚስጥር» አልኳት። «እሺ» አለች። ሚስጥር እንደምትወድ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ። እማማ ዳይሬክተር ቅዳሜ ቅዳሜ አበቦቻቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። እንዳይጠረጥሩኝ ብዬ ጫማሽን በረንዳው ላይ ከበሩ ጥግ አኖርኩት። አንድ ቅዳሜ ጎንበስ ብለው አዩት፤ አቧራ ለብሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜ ጠዋት ሥራዬ ይኸው ሆነ። አቧራውን አራግፋለሁ። ባለፈው ወደ ግድግዳ ዞሮ ከነበረ ወደ ውጭ አዞረዋለሁ። አንዳንዴ አንዱን በሌላው ላይ ጣል አደርገዋለሁ፤ አንቺ ቸኩለሽ ስታወልቂ እንደምትተዪው። እንዴት እንደምታወልቂ ማወቄን እንኳ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስመለስ ልብስ ሰፊዋ አጥሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ኧረ አትደብቀኝ። ባለቤትህ ጠቅልላ ልትገባ ነው አይደል? ሚጣ ለልጄ ነግራታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ተደብቃ እየመጣች ቤቱን ታዘጋጃለች አሉ። መጋረጃ ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁላችሁ።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ «እሺ፣ እንነግርሻለን» አልኳት። ያውም ፈገግ ብዬ።

በሩ ጋ ስደርስ ጫማሽን አነሳሁት። ከሥሩ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በጠመኔ የተከበበ የጫማ ቅርጽ አለ። ደግሞ ሌላ አለ፤ ዞሮ። ሌላም፤ ተደራርቦ። ሁሉም በተለያየ ቀለም። ሚጣን ጠርቼ ምንድነው ብላት ደስ እያላት፣ እንደ መርማሪ ፖሊስ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ዓርብ ወደ አንቺ ከመምጣቷ በፊት ጫማውን ዙሪያውን ታሠምራለች። እሁድ ስትመለስ ታመሳክራለች። ሁልጊዜ ቦታ ቀይሮ ታገኘዋለች። አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ «ፋርማሲ ተረኛ ነኝ» ብለሽ ከታላቅ እህትሽ ጋር ትተዪያታለሽ።

«እማዬ ፋርማሲ አይደለም የምትሄደው፤ እዚህ ነው የምትመጣው። ልታስገርሙኝ ነው አይደል?» አለችኝ።

ይዛኝ ገብታ ቁም ሳጥኗን አሳየችኝ፤ ግማሹን ባዶ አድርጋዋለች፤ ላንቺ። ልብሷን ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ ጠቅጥቃው፣ እኔ ደግሞ «ምን እንዲህ ያዝረከርክሻል?» እያልኩ ስቆጣት ነበር የከረምኩት።

የሳጥኑን በር ዘጋሁት። «ነይ፣ ማካሮኒው ሳይቀዘቅዝ» አልኳት።

እሷ ስትበላ ተመልሼ ወጥቼ ቀለሞቹን ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። እማማ ዳይሬክተር ግን ከነዚህ ቅዳሜዎች ሦስቱን አልነበሩም። የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ሲሄዱ እንደማይመጡ ነግረውኝ፣ አበባውንም ሚጣ እንድታጠጣ አደራ ሰጥተዋት ነበር። ስለዚህ ጫማው አራት ጊዜ ብቻ መዞር ነበረበት። ሦስቱን ቅዳሜ፣ ማንም በማያይበት፣ ተነስቼ አቧራውን አራግፌ ያዞርኩት ለማን ነው? በረንዳው ላይ ቆሜ አሰብኩ። መልሱን አገኘሁት፤ ላምነው ግን አልፈለግሁም።

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ እማማ ዳይሬክተር ቤት ሄድኩ። ቤቱን ካጣሁ ሚጣን እንደማጣ፣ ወደ ሶፋው ጫፍ እንደምመለስ አውቃለሁ፤ ቃልሽ ቃል ነው። «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «እኔ እኮ የመጣችሁ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«በምን?»

«ስኳሩን ስታቀብልህ ‹አመሰግናለሁ› አልካት። እሷም ‹ምንም አይደል› አለችህ። እኔ ከባሌ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስኖር ለስኳር ተመሰጋግነን አናውቅም። ‹አቀብዪኝ›፣ ‹ያውልህ ፊትህ› ነው የኛ። ተኳርፋችሁ ቢሆን፣ ሲውል ሲያድር ይታረቃሉ እል ነበር። እናንተ ግን መከባበር ጀምራችኋል።»

«ታዲያ ለምን አከራዩኝ?»

«ስለ ልጅቷ አልጋ ስትናገር ሰማኋት። ያስዋሻችሁ ልጅ ነው ብዬ ተውኩት። ለባለትዳር ብቻ ያልኩትም ከዚህ በፊት ወንደላጤዎች ገብተው ሰፈሩን በጭፈራ ስላመሱት ነው። አንተ እንኳን ልትጨፍር፣ ስትራመድም አትሰማም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ትምህርት እስኪዘጋ ቆዩ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ያንን ጫማ ግን ከደጄ አንሳልኝ። እኔም ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ለልጅቷ ደግሞ አንተው ንገራት፤ ይሄን እኔ አላግዝህም።»

የፈራሁት አልደረሰብኝም። ከሳቸው ቤት ስወጣ ግን ደስ አላለኝም። ገና ትልቁ ይቀረኝ ነበር።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ጫማውን የማዞረው እኔ እንደሆንኩ። አንቺ ቅዳሜ እውነትም ፋርማሲ እንደምትውይ። ምንም አልተለወጠም፣ እንደ ድሮው በሁለት ቤት እንኖራለን አልኳት። አላለቀሰችም። ፊቷ ዝም አለ። ያንን ፊት መስታወት ውስጥ ጺሜን ስላጭ በየቀኑ አየዋለሁ፤ እሷ ላይ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

«ስለዚህ ይሄ ሚስጥር ነበር ወይስ ውሸት?» አለችኝ።

«ውሸት።»

«ለእማማ ዳይሬክተር ነው የዋሸኸው?»

«አዎ፣ ለሳቸው።»

«አበባውን እኔ ሳጠጣ ጊዜስ? ያኔ እኮ እሳቸው አልነበሩም።»

ዓይኔን ወደ ጠመኔው ጣልኩ። መልሱን ከፊቴ ያነበበችው መሰለኝ፤ ተነሳችና የወጥ ቤቱን ጨርቅ አርሳ መጣች። ተንበርክካ ጠመኔውን መጥረግ ጀመረች። ላግዛት ስል እጄን ገፋችው። ስድስቱ ለቀቁ። አንደኛው፣ የመጀመሪያው ቢጫው፣ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ እምቢ አለ። ብዙ ፈተገችው። ከዚያ «ይሄ ይቆይ፤ ዝናብ ያጠፋዋል» ብላ ጨርቁን ሰጠችኝና ብስክሌቷን ይዛ ወጣች።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ከንፈሬ ሲያመኝ ተሰማኝ። ነክሼው ኖሯል፤ ደምቷል። ከተለያየን ጀምሮ አንድ ነገር በትክክል ሲያመኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ልበለውና ይውጣልኝ፤ ናፍቀሽኛል። ዝም ስላልኩባቸው ቀኖች ሁሉ ይቆጨኛል። ይሄን የምጽፈው እንድትመለሺ አይደለም። ያለፈው እንዳለፈ አውቃለሁ፤ አንቺም ደህና ሆነሻል፤ ሚጣ ትነግረኛለች፣ እንደገና መዝፈን ጀምረሻል አሉ።

ነገ «እማዬ፣ ቅዳሜ እውነት የት ነው የምትሄጂው?» ስትልሽ እንዳትቆጪያት። ቢቻል ከነገ ወዲያ ፋርማሲው ድረስ ይዘሻት ሂጂ፤ ነጩን ጋዋንሽን ትይ፤ የቆምሽበትን ቦታ ትይ። ካየች ታምናለች፤ ማስረጃ ትወዳለች። ልብሷን በሁለቱም መደርደሪያ ላከፋፍል ስል ዛሬ ጠዋት «ተው፣ እኔ ራሴ ደስ ባለኝ ቀን አደርገዋለሁ» አለችኝ። ትቼዋለሁ። እስከዚያ ግማሹ ባዶ ይሆናል።

ሚጣን ከዛሬ ወዲህ ሚስጥር የሚባል ነገር አላስጠናትም። ለጎረቤቶቹም እነግራቸዋለሁ፤ ከልብስ ሰፊዋ እጀምራለሁ፤ ለሷ ከነገርኩ ለሌሎቹ መድከም የለብኝም።

እማማ ዳይሬክተር እንዳሉት ከሆነ ባልና ሚስት አይመሰጋገኑም። ስለዚህ ለዚያች አንድ ሰዓት፣ ለአልጋውም ነገር፣ አመሰግናለሁ።

የሚጣ አባት