አሥራ ሁለተኛው ቁጥር

ለእህቴ ለጥሩሐረግ

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ክረምት ሲገባ ይብስባታልና ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብቻዋን አትልቀቋት። ባልሽ ገበያውስ ደኅና ነው? ያ ሳሉ ለቀቀው ወይስ እንደ ልማዱ «ምንም አልሆንኩም» እያለ ይስላል? በሞቴ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ማህደርዬስ እንዴት ናት? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። ከዚያ ውጪ ደኅና ነኝ የምልበት ነገር የለኝም፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የቢሮ ባልደረባዬ ምሳው ነው። የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ወደ እናንተ ይመጣል፤ መንገዱ አድካሚ ነውና እህል አቅምሱት። ስለ እኔ ብትጠይቂው ግን ብዙ አያውቅም። በስልክ ያልነገርኩሽ ኔትወርክ ጠፍቶ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሁለት ጊዜ አግኝተሽኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ስትዪኝ «አይሰማም፣ አይሰማም» ብዬ ዘጋሁት። ይሰማኝ ነበር እታለም። ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ።

ሳላጓትት ልንገርሽ፤ ስታትስቲክሱን ወደቅኩ። ይሄ ሦስተኛዬ ነው፣ ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ይሰናበታል። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቼ፣ ሌላውን ትምህርት ሁሉ ጨርሼ፣ በአንድ ትምህርት ቀረሁ። እናንተ ዘንድ ያለው ክፍት መደብ ዲግሪ ይጠይቃል፤ በዲፕሎማ የሚቀበለኝ የለም። ስለዚህ ዝውውሩም ቀረ፣ መስከረም ላይ መምጣቴም ቀረ። «አንደኛ ክፍል ስትገቢ እጅሽን ይዤ የማደርስሽ እኔ ነኝ» ብዬ ለልጄ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ይህን ዲግሪ ተማምኜ ነበር።

ማህደርን በዓመት ከመንፈቋ ከጀርባዬ አውርጄ ስሰጥሽ «ለስድስት ወር ነው» ነበር ያልኩሽ። ያኔ እዚህ የሚበላውም የሚታከምበትም ጠፍቶ ነበር። አባቷ እንደሆነ እንኳን ለእሷ ለራሱም አልሆነ። ይኸው ስድስቱ ወር አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም ቀን «መቼ ነው የምትወስጃት?» ብለሽኝ አታውቂም።

ለፋሲካ የላክሽልኝ ክር ደርሶኛል። ሹራብ ላሠራላት የክንዷን ዙሪያ ለኪልኝ ብዬሽ ነበር፣ ሹራቡ ግን አልተሠራም። ክሩን ቢሮ ወስጄ በሥራ መለኪያዬ ላይ አስቀመጥኩት፤ አሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር ሆነ። እኛ የሕፃናትን ክንድ የምንለካበት ጠባብ ጥብጣብ አለ፤ አረንጓዴው ደኅና ነው፣ ቢጫው ያሠጋል፣ ቀይ ከሆነ ግን፣ ከአሥራ አንድ ተኩል ከወረደ ማለት ነው፣ ልጁ በምግብ እጥረት ተጎድቷልና ቶሎ ካልተደረሰለት ይሞታል። መለኪያው ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ነው፤ ለማህደር ዕድሜ አይሆንም። እኔ ግን አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ ማየት አማረኝ፣ አየሁትና ክሩን ደብተሬ ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩት።

የፈተናው ዕለት ጠዋት የተከራየሁባት እማማ ወለተ ሚካኤል ጠበል ረጨችኝ። የምን ፈተና ነው አለችኝ፤ የቁጥር ነው አልኳት። ቀን ከቀን ሕፃን ስትቆጥሪ ትውዪ የለም እንዴ፣ ለመቁጠር ደግሞ ምን ፈተና ያሻዋል ብላ ሳቀችብኝ። በአገሩ ቋንቋም የሆነ ነገር አከለችበት፤ ምርቃት ይሁን ስድብ ሳላውቅ አሜን ብዬ ወጣሁ።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ ዘንድሮ ተዘጋጅቼ ነበር። ያን አማካይ፣ ያን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉትን ጉድ፣ ካልኩሌተር ሳልነካ እስክሠራው ድረስ አጥንቼዋለሁ። ጥያቄው አምስት ነው። አራቱን ጨርሼ ቀና ስል ገና አንድ ሰዓት ይቀራል፤ ደስ አለኝ፣ በልቤ ሻንጣዬን ማሰናዳት ጀመርኩ። አምስተኛው ብቻውን ግማሹን ነጥብ ይዟል። የአሥራ ሁለት ሕፃናት የክንድ ልኬት ነው ይልና ቁጥሮቹን ይደረድራል፤ አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ አሥራ ሦስት ነጥብ አራት። እዚያ ላይ ስደርስ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ አነበብኳቸው። ቁጥሮቹ የኔ ናቸው።

መምህራችን ትእዛዙ ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከየሥራችሁ እውነተኛ መረጃ አምጡ ብሎን ነበር። እኔም ከመስክ ደብተሬ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት፤ የትኛው ገጽ እንደሆነ እንኳ ልብ አላልኩም። እሱ ምን ያውቃል፣ ለጥያቄ ተስማማውና አወጣው። አሥራ ሁለተኛው ቁጥር ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው። ጥያቄው ደግሞ ከሌሎቹ ርቆ የወጣውን ቁጥር አስወግዱና የቀሩትን አማካይ አስሉ ይላል።

የዚያን ቁጥር ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ላንቺ ልናገር፣ ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ።

አምና ሰኔ ላይ ነው። እዚሁ ሰቆጣ ዙሪያ፣ መኪና የማይደርስባት አንዲት ጎጥ ሕፃናት ልለካ ወረድኩ። አሥራ አንዱን ለክቼ ስጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ መኪናው እላይ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እስከዚያ የሁለት ሰዓት ዳገት አለብኝ። ለተሥላሴ የምትባል ሴት ልጇን አዝላ ዘግይታ መጣች። ልጅቱ አስቻለች ነው ስሟ፣ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ተኝታ ነበር። አትቀስቅሻት አልኩና እዚያው እንደታዘለች ክንዷን ከጋቢው ስር አውጥቼ ለካሁ። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሆነ። ጻፍኩትና ቁጥሩን አየሁት፣ አላመንኩትም። ሌሎቹ ሁሉ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ሆነው ይሄ ከየት መጣ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ መምህር ትእዛዙ ከሌሎቹ በጣም የራቀ ቁጥር የመለካት ስሕተት ሊሆን ይችላልና መርምሩት ብሎ አስተምሮን ነበር። እኔ ስሕተት ያለውን ሰማሁ፣ መርምሩት ያለውን አልሰማሁም። ጥብጣቡን አጥብቄው ነው አልኩ። ፊቷን ገልጬ ባይ፣ አውርጃት አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ብለካት! በአንድ መስመር ሰረዝኩት እታለም። የተማርኩትን በሥራ ላይ አዋልኩ ብዬ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አፈር ልብላ።

ሪፖርቴ «በጎጧ ቀይ የለም» ብሎ ሄደ። ቀይ ከሌለ የሚላክ አልሚ ምግብም የለም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ለተሥላሴ ከሴቶቹ ጋር መጣች፣ ጀርባዋ ላይ ማንም የለም። አልጮኸችብኝም፣ ምነው በጮኸችብኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነውና ቃሉን እየፈለገች፣ ለክተሽ ዝም ስትዪ ደኅና ናት ብዬ አመንኩሽ አለችኝ። ከዚያ እንግዳ ናት ብላ የተቆላ ማሽላ በሰፌድ አቀረበችልኝ። ሌላ እንደሌላት እያወቅኩ በላሁት። ምን ላድርግ፣ እምቢ ማለትም አቃተኝ፣ በላሁት።

እንግዲህ ያንኑ ቁጥር ነው ወረቀቱ እንደገና ሰርዢ የሚለኝ። አንድ መስመር ናት። አስምሬበት አሥራ አንዱን ደምሬ ለአሥራ አንድ ባካፍል አሥራ ሦስት ይመጣል፣ አልፋለሁ፣ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ይህ ሁሉ ገብቶኛል፣ ሞኝ አይደለሁም። እስክሪብቶዬን አስጠጋሁና አነሳሁ፣ ደግሜ አስጠጋሁና አነሳሁ። ስለ ማህደር ብለሽ ሰርዢው አልኩ ለራሴ፤ ስሟን ስጠራ ጭራሽ ባሰብኝ። ሰዓቱ አለቀ ሲባል አሥራ ሁለቱንም ደምሬ ለአሥራ ሁለት አካፍዬ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ሦስት ብዬ ጻፍኩ፣ የቀረውን ባዶ ትቼ ሰጥቼ ወጣሁ።

ጀግንነት አድርገሽ እንዳታይልኝ። ለአስቻለች ምን ረባት? መሰረዝ ባልነበረብኝ ቀን ሰርዤ አንዷን ልጅ ገደልኩ፤ መሰረዝ በነበረብኝ ቀን ደግሞ እጄ ተሳሰረና የራሴን ልጅ ያለ እናት አስቀረሁ። ይሄን ነው ቀኑን ሙሉ የማወጣ የማወርደው። ሥራ እገባለሁ፣ ጥብጣቡን እይዛለሁ፣ አንድን ልጅ አራት አምስት ጊዜ እለካለሁ። እናቶቹ ይስቁብኛል፣ ምሳው ሳይቀር ምን ሆነሻል ይለኛል።

ውጤቱ ሰኔ መጨረሻ ተለጠፈ፤ አርባ ስድስት አገኘሁ፣ ማለፊያው ሃምሳ ነው። መምህር ትእዛዙ ጠርቶ አነጋገረኝ፣ ደግ ሰው ነው። አራቱን ጥያቄ ካንቺ የተሻለ የሠራ የለም፣ አምስተኛው ላይ አስወግዱ የሚለውን ሳታነቢ ቀርተሽ ነው ብሎ አዘነልኝ። ታምሜ ነበር ብለሽ በሦስት ቀን ውስጥ ቅሬታ አስገቢ ብሎ መከረኝ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ግን የሰውየውን ሰላም ምን ቤት ነኝ ብዬ እነሳለሁ አልኩና ቸኩዬ ነው ብዬው ወጣሁ። ሦስቱን ቀን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኳቸው። ጉልበት የለኝም እታለም። ለመለመንም ጉልበት ይጠይቃል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ፣ እንዳትቆጪኝ። ነሐሴ ላይ ማህደርን ስታስመዘግቢ ቅጹ ላይ የእናት ስም የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ የአንቺን ስም ጻፊ። ከአጸደ ሕፃናቱ የመጣው ወረቀት ላይ የኔ ስም ካለ አንድ መስመር አስምሪበት። ባለፈው በስልክ ስናወራ «እማዬ» ብላ ስትጠራሽ ሰምቻለሁ፣ አንቺ ደንግጠሽ አፏን ስትይዢም ሰምቻለሁ። አትያዣት። ስትታመም አብረሻት ያደርሽው አንቺ፣ ፊደል ያስቆጠርሽው አንቺ። እኔ አሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር ክር ነው ያለኝ።

ለእማዬ ወደቀች እንዳትያት፣ ፈተናው ተራዘመ በያት፤ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ገበያው ላልወለዳት ልጅ አባት ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረሰው፣ ሳሉን ግን ይታከም። ጎረቤቶቻችን መስከረም ትመጣለች ብለው ለመቀበል ያሰቡ ካሉ ሰላም በያቸውና እንዳይደክሙ ንገሪያቸው። ለማህደር ምን እንደምትያት አላውቅም፣ የምላትም የለኝ። ሳሚያት ብቻ፣ ከኔ ነው ሳትዪ።

ክንዷን ግን እንደገና በክር ለክተሽ በምሳው ላኪልኝ። ተኝታ ሳለች አትለኪያት። ቀስቅሻትና ለኪያት፣ ፊቷን እያየሽ፣ ሁለት ጊዜ ለኪያት።

እህትሽ ዓይናዲስ
ሰቆጣ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.