ስለተዘጋው ውሃና ስለ ባለቤቴ ቅንድብ

ለክቡር የከሰል ማዕድን ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከፏፏቴው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ከማዕድኑ በር ፊት ለፊት ባለው የሠራተኞች ሰፈር የምንኖር ሁሉ፣ እርስዎ ዋሻው ውስጥ አዳልጦዎት ጭቃው ላይ ከተቀመጡባት ከዚያች ዕለት ጀምሮ የወገብዎን ነገር ሳናነሳ የዋልንበት ቀን የለም። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተከፈተ፣ ጫማዎም እንደወትሮው የሚያብረቀርቅ እንደሚሆን ተስፋዬ የጸና ነው። እኛ ደግሞ፣ ስለጠየቁን እናመሰግናለን፣ እስካሁን አልፈነዳንም።

እኔ ዋሻውን የሚቆፍረው የቆራጭ ማሽን ኦፕሬተር ሚስት ነኝ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያቀረብኩልዎት አቤቱታ በመንገድ ላይ ዝናብ ነክቶት ስለነበር፣ እርጥበት ወደ ሕንፃው እንዳይገባ በሚከለክለው መመሪያዎ መሠረት ሳይከፈት ተመልሶልኛል። ጸሐፊዎ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ስታስረክበኝ ያሳየችው ጥንቃቄ ልቤን ነክቶታል። ስለዚህ ይህኛውን በፀሐይ አድርቄ፣ ማንም ሳይቸገር እንዲያነበው፣ በመግቢያው በር ግንብ ላይ ለጥፌዋለሁ። አቤቱታዬንም፣ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ትዳሬ። ባለቤቴ ድሮ ከሥራ ሲመለስ ከአናቱ እስከ ጥፍሩ በስብሶ ነበር የሚመጣው። ማሽኑ አለቱን በብረት ጥርሶቹ ሲፈጭ ከየጥርሱ ኋላ ውሃ ይረጭ ስለነበር፣ ሰውዬው ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ዝናብ ሲደበድበው ይውል ነበር ማለት ይቻላል። ቱታውን ስጨምቀው ባልዲ ይሞላል። እኔም እየተራገምኩ ለምጄው ስኖር፣ አንድ ቀን ደረቅ ሆኖ መጣ። በማግስቱም ደረቅ። ክቡር ሆይ፣ በላቡ እንኳ ያልራሰ ባል ሥራ ውዬ መጣሁ ሲል ሚስት ምን እንደምታስብ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። የት ነው የምትውለው ብዬ ጠየቅሁት፤ ዋሻ አለኝ። የማን ዋሻ ብዬ ደገምኩለት። ከተጋባን ጀምሮ በአንድም ነገር ከእኔ ጋር ተስማምተው የማያውቁት አማቴ ሳይቀሩ ቱታውን አገላብጠው አይተው፣ አይ ልጄ፣ ይሄስ ሰው ቤት ተቀምጦ የዋለ ልብስ ነው ብለው ከእኔ ወገን ቆሙ። ምራትና አማትን ያስታረቀ ሥራ አስኪያጅ ከእርስዎ በቀር ስላልሰማሁ፣ በሁለታችንም ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሰውዬው መውጫ ሲያጣ እውነቱን አወጣው፤ ውሃው በትእዛዝ ተዘግቷል አለ። እኔ ግን አላመንኩትም። ሌላ ሴት አለች ቢለኝ ኖሮ ቶሎ ባመንኩት ነበር፤ እሱ ቢያንስ በየቤቱ የሚሆን ነገር ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሃው። እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ይህን አንቀጽ ቢያልፉት አልቀየምም፤ የምጽፈው ግንቡ ጋ ቆመው ለሚያነቡት ነው። ከሰሉ ውስጥ ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ አለ፤ አለቱ በተቆረጠ ቁጥር ይወጣል። የማሽኑ ጥርስ ደግሞ ጠንካራ አለት ሲገጥመው ይግላል፣ ብልጭታም ይተፋል። ሁለቱ ከተገናኙ ዋሻው ምድጃ ይሆናል፤ ማገዶውም ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ውሃው ከየጥርሱ ኋላ የሚረጨው የጋለውን ብረትና የተፈጨውን አለት እዚያው በዚያው አብርዶ ሁለቱን እንዳይገናኙ ለማድረግ እንጂ፣ እንግዶችዎን ለማዋረድ አልነበረም። እርስዎ ግን ከእንግዶችዎ ጋር ነጭ ካፖርት ለብሰው ሊጎበኙ ገብተው፣ አዳልጦዎት፣ በሰው ሁሉ ፊት ዘጭ አሉ። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነው። በማግስቱ እርጥበት የአደጋ ሁሉ ምንጭ መሆኑን የሚገልጽ ትእዛዝ ወጣ፣ የእርጥበት መከላከያ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ውሃውም ተዘጋ። ኮሚቴው ከዚያ ወዲህ ዋሻው ውስጥ አንድም ሰው እንዳላዳለጠው በኩራት ዘግቧል። እውነት ነው፣ አይካድም። የሚቃጠል ሰው ሲያዳልጠው ታይቶ አይታወቅም።

በዚህ ሁሉ መካከል አቋሙን ያልለወጠ ማሽኑ ብቻ ነበር። ውሃ ካልመጣ እንዳይነሳ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ውሃው በተዘጋበት ጠዋት እምቢ ብሎ ቆመ። በድርጅቱ ታሪክ ትእዛዝዎን አልቀበልም ያለ የመጀመሪያው ሠራተኛ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ኮሚቴውም ተሰብስቦ መክሮ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ውሃ ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆመውን መቆለፊያ በሽቦ አስሮ እንዳይሠራ እንዲያደርገው አዘዘ። ማሽኑ ተነሳ። ባለቤቴ አብሮት እምቢ ስላላለ ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም።

ሦስተኛ፤ ስለ ፏፏቴው። ከዋሻው የተቆረጠው ቧንቧ ዞሮ ከቢሮዎ ፊት ለፊት በአዲሱ ፏፏቴ በኩል መውጣቱን ሰፈሩ ሁሉ በአድናቆት ተመልክቷል። ማታ ማታ ቀይና አረንጓዴ መብራት ሲበራበት ልጆቻችን በአጥሩ ስንጥቅ ያዩታል። በዚህ ምድር ላይ እንደ ቢሮዎ ደጃፍ ከጋዝ ቃጠሎ የተጠበቀ ስፍራ አለ ብዬ አላምንም። አንድም አበባ አልፈነዳም፣ አንድም ዓሣ አልተቃጠለም። የቀረው ነገር ቢኖር ጋዙን አግባብቶ ወደዚያ ማምጣት ብቻ ነው፤ ይህንንም ለኮሚቴዎ ጥበብ እተወዋለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ማጠጫው። ኮሚቴው ጨካኝ እንዳይባል ለዋሻው አንድ የአበባ ውሃ ማጠጫ ልኳል፤ አረንጓዴ ነው፣ ጎኑ ላይ ቢራቢሮ ተስሎበታል። የባለቤቴ ረዳት፣ እኛ ከዝምታቸው የተነሳ ጋሼ ጭምት የምንላቸው ሽማግሌ፣ ያንን እንደ ቤት የሚያህል ማሽን ከዳር ቆመው እንደ ጽጌረዳ እንዲያጠጡት ታዘዋል። ያውም ወለሉ እንዳይረጥብ በቁጠባ። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ትንፍሽ ብለው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ማጠጫውን ትኩር ብለው አይተው፣ ይበቅል ይሆን ብለው ጠየቁ አሉ።

ስለ ጋዝ መለኪያውም ቁጥር ሳልሰጠው ላንሳ፤ ቁጥሬ እንደሆነ ተምታቶብኛል። መለኪያው ዋሻው ውስጥ ሆኖ በየደቂቃው እየጮኸ የኮሚቴውን ጉብኝት ስላወከ፣ አሁን በደህንነት ክፍሉ ኃላፊ መስኮት ላይ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ጮኾ አያውቅም። ዘገባውም በየቀኑ አየሩ ንጹሕ ነው ይላል። የኃላፊው ቢሮ አየር እንዲህ ንጹሕ በመሆኑ እኛም ደስ ብሎናል፤ ሳንባቸውን ያቆይልን።

እንግዲህ ወደ ቅንድቡ ልምጣ፤ እስካሁን የዘበዘብኩት እሱን ላለማንሳት ነው። ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ወንዶቹ አጥንት ብለው የሚጠሩትን፣ በከሰሉ መሃል የሚያልፈውን ጠንካራ አለት ነካ። ጥርሱ ጋለ፣ ብልጭ አለ፣ ሰማያዊ ነበልባል ከሥሩ ተነስቶ የባለቤቴን ፊት ላሰው። ጋዙ ለዚያን ጊዜ ጥቂት ስለነበረ እዚያው ከሰመ። ቤት ሲገባ ቅንድብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሳልዋሽ ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ የተላጠ ድንች መስሎ ነበር። ከዚያ የሚጠጣ ውሃ ሰጠሁትና ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ብርጭቆውን ይዤ እንደ ሕፃን አጠጣሁት። ክቡር ሆይ፣ በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ፈራሁ። አሁንም እንደፈራሁ ነው። ጫማው ደጃፍ ላይ እስኪሰማ ድረስ በሩ ሥር ቆሜ ነው የምጠብቀው።

ኮሚቴው በበኩሉ፣ ቅንድብ የድርጅቱ ንብረት ስላልሆነ ምንም ጉዳት አልደረሰም ሲል ወሰነ። በማግስቱ ግን የበሩ ዘበኛ፣ ሰውዬው መታወቂያው ላይ ያለውን ስለማይመስል አላስገባም አለ። ዘበኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሠርጋችን ላይ ሚዜ ነበር። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፣ መታወቂያው ላይ ቅንድብ አለ፣ አንተ ላይ የለም ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ በየጠዋቱ የዓይን ኩሌን ይዤ ቅንድብ እስልለት ጀመር። አንድ ቀን ቸኩዬ ወደ ላይ ስላበዛሁት ቀኑን ሙሉ የደነገጠ ሰው መስሎ ዋለ፤ የፈረቃው አለቃ ምን ሰምተህ ነው እያለ ሲከተለው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድርጅቱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። በማግስቱ ዝቅ አድርጌ ብስለው ደግሞ፣ ፊቱን አጥቁሮ አመራሩን ንቋል ተብሎ ተመከረ። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ የምችለውን ነው የሠራሁት።

አሁን የመጣው ነገር ግን በኩል የሚሸፈን አይደለም። ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ ማሽኑ በዚያው አጥንት በተባለው አለት ውስጥ፣ በወፍራሙ በኩል፣ ሊገባ ነው። ያን ቀን የነካው ጫፉን ነበር። የምለምንዎትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቧንቧው ወደ ዋሻው ይመለስ፣ ከየጥርሱ ኋላ ያሉት የውሃ መርጫዎች እንዳልተደፈኑ ይታይ፣ የታሰረው መቆለፊያ ይፈታ፣ መለኪያውም ከመጋረጃው ወርዶ ወደ ቦታው ይሂድ። አንድ ነገር ብዬ አራት ሆነብኝ፤ ይቅርታዎን።

ምናልባት ለዚህ ጊዜ አይኖርዎት ይሆናል ብለን ስለሰጋን፣ እኛ ሚስቶች በመመሪያዎ ልንረዳዎ ወስነናል። ትናንት እሑድ ከቀትር በኋላ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ደርድረን፣ የዚያን ፈረቃ ወንዶች በሙሉ አስቀምጠን፣ ቅንድባቸውን ላጨናቸው። ባለቤቴም የሳልኩለትን ታጥቦ አብሯቸው ተቀመጠ። መጀመሪያ አንገራገሩ፣ በኋላ እርስ በርስ ሲተያዩ በሳቅ ወደቁ። የጋሼ ጭምት ቅንድብ እንደ ጥድ የበቀለ ስለነበር ሁለት ምላጭ ፈጀ፤ ሲያልቅ ግንባራቸውን ዳበስ አድርገው፣ ነፋስ ገባኝ አሉ። አማቴ ልጃቸውን አይተው አለቀሱ፤ ወዲያው ዕንባቸውን ጠርገው ምላጩን ከእጄ ተቀበሉኝና የቀሩትን እሳቸው ጨረሱ። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ፈረቃው በሙሉ በሰዓቱ በሩ ላይ ተገኝቷል። ሥራ አልሠራም ያለ አንድም የለም። መታወቂያውን የሚመስልም አንድም የለም። ዘበኛው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ደንቡን አክብሮ አንዱንም ሳያስገባ ቆሟል። ውሃው በዋሻው ውስጥ በተሰማ ዕለት ኩላችንን ይዘን ለመምጣት ዝግጁ ነን፤ እስከዚያው ግን ኩል ከየቤቱ እንደጠፋ በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ደረቅ ወለልዎን፣ ጸጥተኛ መለኪያዎንና ባለመብራቱን ፏፏቴዎን እያደነቅሁ፤ ወገብዎን ምሕረት እንዲጎበኘው፣ ወንበርዎም እንዳያዳልጥዎ እየተመኘሁ፤ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ትዕግሥታችንም ጭምር እያመሰገንኩ፣

ታዛዥዎ፣
የማሽን ኦፕሬተሩ ሚስት፣ እስካሁን ሚስት

ማስታወሻ፦ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ በጠንካራው አለት ላይ የሚሠሩት ሁሉ ትልቅ፣ ባለቀለም፣ ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ ለፋይል እንዲያቀርቡ አዟል። ፋይል ውስጥ የሚገባ ፎቶ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አዳራሽዎን የምታጸዳው ጎረቤቴ ደግሞ፣ በሥራ ላይ የሞቱት ሰዎች ፎቶ በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ አዳዲስ ምስማሮች ተመትተው አይታለች። የባለቤቴን ፎቶ አላያያዝኩም፣ አላያይዝምም። እኔ የምፈልገው ሰውዬውን ነው፤ በስብሶም ይምጣ፣ ቱታውን መሃል ወለል ላይ ጥሎም ያናድደኝ። ምስማሮቹ ባዶ ከሚቀሩ ግን የራስዎን ፎቶ ይስቀሉባቸው፤ ብቻ ፈገግ ማለትዎን አይርሱ።